የጎንደርን ግንብ በመስቀለኛ ጥልፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ክሮስ ስቲች የምንለው መስቀለኛ ጥልፍ ለአበባና ለወፍ ብቻ የሚሆን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የፋሲል ግቢን የሚያህል ትዕይንትም ይወጣበታል። ሥራውን የሚያበላሹት ከመርፌው በፊት የሚመጡ አንዳንድ እምነቶች ናቸው።

«ጥሩ ፎቶ ካለ ንድፉን ኮምፒውተር ይሠራዋል»

ፕሮግራሙ ፎቶውን ወደ ካሬ ይለውጣል እንጂ ግንቡን አያውቀውም። የፋሲል ግንብ ቡናማ ባዛልት በኖራ እየተያያዘ የተሠራ ነው፤ ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ድንጋይ፣ ጥላና የዘመን እድፍ የየራሱ ቀለም አለው። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ሲከተል አንድ መስቀል እዚህ፣ አንድ መስቀል እዚያ ይበትናል። ሰፊዋ በየመስቀሉ ክር ስትቀይር ትውላለች፣ የጨርቁ ጀርባ ይወፍራል፣ ግድግዳው ደግሞ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ንድፉ በእጅ መታረም አለበት። መጀመሪያ ፀሐይ የሚያርፍበትን ፊት ከጥላው ፊት ለዩ፤ ከዚያ ብቻቸውን የቀሩ ካሬዎችን ወደ ጎረቤታቸው ቀለም አስገቡ። በበርና በመስኮት ቅስቶች ዙሪያ ያለውን ቀላ ያለ ድንጋይ ግን እንዳትነኩት። በእኔ እይታ የጎንደር ግንብ ከሌላ ግንብ የሚለየው በእሱ ነው።

«ቀለም በበዛ ቁጥር ሥራው ያምራል»

ለድንጋዩ በደንብ የተመረጡ አምስት ስድስት ቡናማና ግራጫ ክሮች ይበቃሉ። የጥልፍ ክር ስድስት ዘለላ አለው፤ ባለ 14 አይዳ ጨርቅ (ለመስቀለኛ ጥልፍ የሚሆን ባለ ካሬ ጨርቅ) ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰፋው በሁለት ዘለላ ነው። አንዱን ዘለላ ከጥቁር ቡናማ፣ ሌላውን ከፈካው ወስዳችሁ በአንድ መርፌ ብታስገቡ፣ አዲስ ክር ሳትገዙ መካከለኛ ቀለም ታገኛላችሁ፤ የድንጋዩም ሸካራነት አብሮ ይመጣል።

«ግቢው የአንድ ንጉሥ ሥራ ነው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ይሰፋል»

አፄ ፋሲል ከተማዋን የመሠረቱት በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከእሳቸው በኋላ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በግቢው ውስጥ የየራሳቸውን ሠርተዋል። የፋሲል ግንብ አራት የማዕዘን ማማዎቹን ይዞ ቆሟል። የኢያሱ ግን በ1704 እ.ኤ.አ. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም በ1941 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የአየር ድብደባ ተጎድቶ ጣሪያውን አጥቷል። ጥልፉ ያምር ብሎ ጣሪያ መጨመር ታሪኩን መደለዝ ነው። ፍርስራሹን እንደ ፍርስራሽ ስፉት።

«በካሬ ጉልላት አይወጣም»

ሙሉ መስቀል ብቻ ከተጠቀማችሁ እውነት ነው፣ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ካሬውን በከፊል ብቻ የሚይዙት ሩብና ሦስት አራተኛ መስቀል ጠርዙን ያለሰልሱታል፤ በመጨረሻም በአንድ ዘለላ የኋልዮሽ ስፌት ዙሪያውን ማስመር ነው። መስመሩ ጥቁር ቡናማ ይሁን፤ ጥቁር ክር ግንቡን ከሰማዩ ቆርጦ ያወጣዋል።

«ሰማዩም መሰፋት አለበት»

ሒሳቡን እንየው። ባለ 14 አይዳ በ2.54 ሳንቲ ሜትር 14 ካሬ አለው። 300 በ200 የሆነ ንድፍ 60,000 መስቀል ይፈልጋል፣ ስፋቱም ወደ 54 በ36 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በሰዓት 100 መስቀል ብትሰፉ 600 ሰዓት ነው። ሰማዩ የንድፉን ሲሶ ከያዘ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ አይዳ ገዝቶ ባዶውን መተው 200 ሰዓት ያተርፋል። የተረፈውን ጊዜ ለድንጋዩ ስጡት።

«ቋጠሮ ክሩን ያጠነክረዋል»

ቋጠሮ ጨርቁ ፍሬም ላይ ሲወጠር ከፊት ጎልቶ ይታያል። የክሩን ጫፍ በጀርባ በኩል በአራት አምስት ስፌቶች ሥር ማሳለፍ ይበቃል። የላይኛው ክር በሁሉም መስቀሎች ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደም፤ አለዚያ ብርሃን ሲያርፍበት ግድግዳው ይዥጎረጎራል። ጨርቁን ስትቆርጡም ለፍሬም የሚሆን 8 ሳንቲ ሜትር ያህል በአራቱም ጎን አስተርፉ።