ዶሮ በፍራፍሬና በቅጠላ ቅጠል ሶስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዶሮ በፍራፍሬ እሠራለሁ ስል ብዙ ሰው ቀድሞ ፊቱን ያጨማድዳል። ሞክረነዋል ከሚሉትም አብዛኞቹ አንዴ ሠርተው የተዉት ናቸው። «እንደ ማርማላታ ጣፈጠብኝ» ይላል አንዱ። ሌላው «ቅጠሉ መረረኝ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ሥጋው ድርቅ አለብኝ» ይላል። ይህን ምግብ በጣም ስለምወደው ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። ጥፋቱ የምግቡ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ያለሰዓቱ ገብቶ ነው። ያለሰዓቱ የሚገባው ደግሞ ሲነገሩ የኖሩ፣ ግን ልክ ያልሆኑ ሐሳቦችን አምነን ነው።

«ፍራፍሬ ከገባበት ጣፋጭ ይሆናል»

ፍራፍሬ ስኳር ብቻ አይደለም። ኮምጣጣነትና መዓዛም አለው። ለዶሮ ሶስ በዋናነት የምንፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው። ቲማቲምን አስቡት። በዕፅዋት ሳይንስ ቲማቲም ፍሬ ነው፤ ስኳርም አለው። ከሽንኩርትና ከጨው ጋር ሲቁላላ ግን ጣፋጭ ነው የሚል ሰው የለም። ፕሪም፣ ኮክ፣ ብርቱካን፣ ሮማን፣ ኮምጠጥ ያለ ፖምም እንደዚያው ናቸው።

ችግሩ ከምርጫው ይጀምራል። ለመብላት የምንመርጠው በጣም የበሰለ ፍሬ ለሶስ አይሆንም። ገና ጠንከር ያለውን፣ ጥርስ የሚያጠርሰውን ውሰዱ።

እኔ ለአራት የዶሮ ታፋ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርትና ስድስት ፕሪም እጠቀማለሁ። ሽንኩርቱ በዘይት ለስልሶ ጠርዙ ቡናማ ማለት ሲጀምር ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ዘለላ ጦስኝና ፍሬው ወጥቶ የተከተፈው ፕሪም ይገባል። ጨው ቆንጠር አድርጉበት። መጀመሪያ የፕሪሙ ልጣጭ ይጨማደዳል። ከዚያ ውሃውን ይለቅና መጥበሻው ቀይ ይሆናል፤ አረፋውም ትንንሽና ፈጣን ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆይ ድምፁ ይለወጣል። አረፋው ትልልቅ ይሆንና ቀስ እያለ ይፈነዳል። በዚህ ጊዜ የመጥበሻውን ታች በእንጨት ማንኪያ ስታሰምሩት መስመሩ ለአፍታ ሳይሞላ ይቆያል። ሶሱ ደርሷል።

መቅመስ ያለባችሁ አሁን ነው። ቀድሞ መቅመስ ያታልላል፤ ውሃው ሲተን ስኳሩም አሲዱም ይጠነክራሉ። ምላስ ላይ ጣፋጩ ቀድሞ ከመጣ አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ ጨምሩ። ከመጠን በላይ ከኮመጠጠ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ይበቃዋል። ለዛ ቢስ ሆኖ ከተሰማችሁ ግን የጎደለው ጨው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስኳር ይጨምርና ያን ማርማላታ ያገኘዋል።

«ዶሮው በአናናስ ተዘፍዝፎ ካደረ ይለሰልሳል»

እኔም ይህን አምኜ ነበር። አንድ ጊዜ የደረት ሥጋ በጥሬ አናናስ ጭማቂ ዘፍዝፌ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ስነካው ላዩ በጣቴ ተፈረፈረ። ሲጠበስ ደግሞ ውጪው እንደ ሊጥ ሆነ፣ ውስጡ ደረቀ። ለእንግዶች ያሰብኩት ምግብ ስለነበር በጣም አዘንኩ።

ነገሩ የኢንዛይም ሥራ ነው። ጥሬ አናናስ ብሮሜሌይን፣ ፓፓያ ደግሞ ፓፔይን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አላቸው። ኪዊና ዝንጅብልም የየራሳቸው አላቸው። ላዩን ያፈርሱታል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቁም። ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። ኢንዛይሙን ሙቀት ስለሚያጠፋው የቆርቆሮ አናናስ ይህን ጉዳት አያደርስም። የሎሚና የብርቱካን አሲድም ብዙ ሲቆይ የላዩን ሥጋ ያበላሻል፤ ከሁለት ሰዓት ባታሳልፉት ጥሩ ነው።

ጣዕሙ ውስጥ ድረስ እንዲገባ ከፈለጋችሁ ከዋዜማው ጨው ቀብታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በደንብ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጨው ነው። የፍራፍሬና የቅጠል መዓዛ ከላይ ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ይቀራል። እሱን ሶሱ ይሞላዋል።

«ሎሚ ጀርሙን ይገድላል»

ልንተማመንበት በምንችለው መጠን አይገድልም። ሎሚ የነካው ሥጋ ስለሚነጣ የበሰለ ይመስላል። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉትን በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች የሚያጠፋው ግን ሙቀት ነው። ጥሬ ዶሮን በቧንቧ ውሃ ማጠብም ባክቴሪያውን አያስወግድም። ውሃው ሲረጭ ወደ ማጠቢያው፣ ወደ ሰላጣው፣ ወደ ልብሳችን ያሰራጨዋል። ሲለመድ መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን እባካችሁ ተዉት። የቀረ ነገር ካለበት በወረቀት ፎጣ ጠርጋችሁ ፎጣውን ጣሉ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ጥሬ ዶሮ የተዘፈዘፈበትን ጭማቂም በደንብ ሳታፈሉ ሶስ ውስጥ አትጨምሩ።

«ቀድሞ መጥበስ ጭማቂውን ይቆልፈዋል»

ይህን ሐሳብ ያስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። እስከ ዛሬ ይነገራል። ዶሮው መጥበሻ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ጭስስ የሚል ድምፅ ግን ውሃ እየወጣ መሆኑን ነው የሚነግረን። የሚቆለፍ ነገር የለም።

ታዲያ ለምን እንጠብሳለን? ለጣዕሙ። የሥጋው ፕሮቲንና ስኳር በኃይለኛ ሙቀት ሲገናኙ ቡናማ ቀለምና አዲስ መዓዛ ይፈጥራሉ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር ይህን በ1912 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ቆዳውን በደንብ አድርቁት፤ እርጥብ ከሆነ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻውንም አታጨናንቁት። ዶሮው ሲነሳ ታች ተጣብቆ የሚቀረውን ቡናማ ነገር እንዳታጥቡት። ግማሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ አፍስሱበትና ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ይሟሟል። ሶሱን የዶሮ ሶስ የሚያደርገው እሱ ነው። አሲድ ስላለው ግን ባዶ አልሙኒየም ላይ አትሥሩት፤ ብረት ብረት ይላል። የማይዝግ ብረት ድስት ተመራጭ ነው።

«ሶሱ ከመጀመሪያው ከተቀባ ይገባል»

የሚገባ ነገር የለም፤ ያርራል። የፍራፍሬ ስኳር በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለወጥ ይጀምራል። ዶሮውን ኦቭን ውስጥ ስንጠብስ ደግሞ ኦቭኑ 200 ዲግሪ ላይ ነው። ዶሮው ሳይበስል ሶሱ ይጠቁራል። የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ላይ ሁለቴ ቀቡት።

«ቅጠል ሁሉ አንድ ላይ ይገባል»

በእኔ አስተያየት ይህን ምግብ የሚያበላሸው ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቅጠሎች በሁለት ይከፈላሉ። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ግንዳቸው ጠንካራ፣ ቅጠላቸው ደረቅ ያለ ነው። መዓዛቸውን ለመልቀቅ ዘይትና ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከሽንኩርቱ ጋር ይግቡ። በሶብላ፣ ናና፣ የድንብላል ቅጠልና ፐርሰሜሎ ለስላሳ ናቸው። እነዚህ አምስት ደቂቃ ከፈሉ ይጠቁራሉ፣ መዓዛቸውም ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ቦታቸው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

የጥብስ ቅጠል ሲበዛ ይመራል። የጣት ርዝመት ያለው አንድ ዘለላ ለአንድ ድስት ይበቃል። ደረቅ ቅጠል ከሆነ ያላችሁ የእርጥቡን ሲሶ ያህል ጨምሩ። የደረቀ ጦስኝ ደህና ነው። የደረቀ በሶብላ ግን ከሽታው ብዙውን ስላጣ አልመክረውም።

«ቅጠሉ መረረኝ» ያሉኝን ስጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቅጠሉ ሳይሆን የብርቱካኑ ልጣጭ ሆኖ ይገኛል። መዓዛ ያለው የላዩ ብርቱካንማ ክፍል ነው። ከሥሩ ያለው ነጩ መራራ ነው። ስትፍቁት ነጩ ሲታይ አቁሙ።

ማጣመሩ የየሰው ምርጫ ነው። እኔ ፕሪምን ከጦስኝ፣ ብርቱካንን ከጥብስ ቅጠል፣ ኮክን ከበሶብላ አልለይም። ማንጎ ደግሞ ከድንብላል ቅጠልና ከናና ጋር ሌላ ነገር ይሆናል።

«አጥንቱ አካባቢ ቀይ ከታየ ጥሬ ነው»

ሥጋው የሚደርቀው በዚህ ፍርሃት ነው። የወጣት ዶሮ አጥንት ገና ስላልጠነከረ ከመቅኒው የሚወጣው ቀለም በደንብ የበሰለውን ሥጋም ሊያቀላው ይችላል። በተቃራኒው ነጭ የሆነ ሥጋ ሁሉ በስሏል ማለት አይደለም። መለኪያው ሙቀት ነው፤ በጣም ወፍራሙ ቦታ ላይ አጥንት ሳይነካ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ። ትንሽ የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ ግምት ይቀራል። የደረት ሥጋ ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ይደርቃል። ታፋ ግን ጅማት ስላለው 80 አልፎም ይበልጥ ይለሰልሳል። ለዚህ ሶስ ታፋን የምመርጠውም ለዚህ ነው።

ከእሳት ሲወርድ ወዲያው አትቁረጡት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳህን ላይ ይረፍ። ያኔ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ጭማቂ ወደ ሶሱ መልሱት፣ አንድ ጊዜ አማስሉት፣ ለስላሳዎቹን ቅጠሎች በእጃችሁ ቀደድ ቀደድ አድርጋችሁ በትኑበት። ሶሱን ከዶሮው ሥር አፍስሱት፤ ከላይ ከፈሰሰ የጠበሳችሁት ቆዳ ይርሳል።