ኢንፍራሬድ ምንድን ነው? ቀይ ነው እንዳትሉኝ

ሰሞኑን አንድ ሰው የሻወርማ ማሽን አገዛዝ ሲመክር «ሲበራ ካልቀላ ኢንፍራሬድ አይደለም፣ ተሸውዳችኋል» ብሎ ጽፎ አየሁ። ብዙ ሰው አመስግኖታል። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ደሴ ላይ የጋዝ ምድጃና መጥበሻ እጠግናለሁ፤ ይቺ አባባል ስንት ማሽን እንደበላች አውቃለሁ።

ቃሉን ራሱን እዩት። በአማርኛ «ታሕተ ቀይ» ያሉት ሰዎች ነገሩን ጨርሰውታል። ታሕተ ማለት በታች ነው። ከቀይ በታች እንጂ ቀይ አይደለም። ዊልያም ሄርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ አሳልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ አኖረው። ሙቀቱ እዚያ ባሰ። ዓይን አያየውም፣ ቆዳ ግን ያውቀዋል።

ደሴ ያደገ ሰው ለዚህ ፕሪዝም አያስፈልገውም። ጠዋት ጦሳ ተራራ ሥር ግድግዳ ተደግፋችሁ ፀሐይ ስትሞቁ አየሩ እንደበረደ ነው፤ ትንፋሻችሁ ይጨሳል። ፊታችሁ ግን ይሞቃል። አንዱ መጥቶ ከፊታችሁ ሲገተር ወዲያው ይበርዳችኋል፤ «ዞር በል እንጂ» ትሉታላችሁ። ማታ ደግሞ ያ ግድግዳ ቀን ሲጠጣ የዋለውን ሙቀት ይመልሳል። ጀርባችሁን ስታስጠጉት ይሰማችኋል። ግድግዳው ቀልቷል? አልቀላም። ኢንፍራሬድ ግን እየለቀቀ ነው።

ፀሐይዋ ከመጣች ትንሽ ልጎትታት። ሥጋው እናንተ ናችሁ፣ የማሽኑ ሴራሚክ፣ ማለትም ጋዙ ፊቱ ላይ የሚነድበት ባለ ቀዳዳ ጠፍጣፋ ሸክላ፣ ፀሐይዋ። ማሽኑ ፊት ፎይል የሚወጥር ሰው ያ የተገተረባችሁ ሰውዬ ነው። ሴራሚኩ ላይ የረጋው ስብ የጦሳ ጉም ነው። ርቀት ላይ ግን ምሳሌዬ ይከሽፋል። ወደ ፀሐይ አንድ እርምጃ ብትጠጉ ለውጥ የለውም፤ ሻወርማው ግን ከማሽኑ አራት ጣት ቢርቅ ልዩነቱ ይታወቃል።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ማንኛውም ነገር በጨለማ ደብዘዝ ብሎ መቅላት የሚጀምረው 525 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ደህና የጋዝ ሴራሚክ 800ና 900 ዲግሪ ስለሚገባ ይቀላል። መቅላቱ ግን የግለቱ ምልክት ነው እንጂ ኢንፍራሬዱ አይደለም። ምልክቱ ደግሞ በብርሃን ይጠፋል።

አንድ የኮምቦልቻ ደንበኛዬ እኩለ ቀን ላይ ደወለ። «ጋሼ፣ ወላሂ ማሽኑ ሞቷል፤ ትናንት ማታ ፍም ይመስል ነበር።» የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሄድኩ። ማሽኑ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ጃኬቴን አውልቄ ከለልኩት፤ በሦስቱ ሴራሚክ ላይ ቅላቱ መጣ። አራተኛው ግን ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ለካ እኔን ከመጥራቱ በፊት «ጋዝ አንሶት ነው» ብሎ ሃይ ፕሬዠር ሬጉሌተር ገጥሞለታል። ስንጥቁንም በጀሶ ለስኖታል። በጀሶ!

ጋዙ ሲበዛ የሚሆነው እሱ ካሰበው ተቃራኒው ነው። የዚህ ማሽን እሳት መቃጠል ያለበት ሴራሚኩ ፊት ላይ ተጣብቆ ነው። ግፊቱ ሲያይል ነበልባሉ ከፊቱ ይነሳና ሰማያዊ ሆኖ አየር ላይ ይቆማል። ሙቀቱ ከነበልባሉ ጋር ይሄዳል፣ ሴራሚኩ ይበርዳል። እንዲቀላ ብሎ ጨመረ፣ ቅላቱን ቀነሰው። ትክክለኛው ግፊት ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ከ28 እስከ 37 ሚሊባር ነው የሚሉት።

ስንጥቁ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የሴራሚኩ ቀዳዳዎች አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆኑት በምክንያት ነው፤ ነበልባል በዚያ ጥበት ወደ ኋላ አያልፍም። ስንጥቅ ግን የተከፈተ በር ነው። «ቧ» ብሎ ከኋላ «ሹሽ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሳቱ ጋዝና አየር የሚቀላቀሉበት ክፍል ገብቷል። ወዲያው ዝጉ። ጋዙ ሊያልቅ ሲል ግፊቱ ስለሚወርድም ይሄ ይመጣል፤ ሲሊንደር ቀይራችሁ ከደገመ ሴራሚኩ ይቀየር። አይለሰንም።

ቢጫ ነበልባል ካያችሁ አየር አንሶታል። ተራው ቡታጋዝ ከዙሪያው አየር ይለቅማል፤ ይሄኛው ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ቱቦ ነው የሚስበው። ክረምቱን ሳይሠራ የቆመ ማሽን ከሆነ መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ የሸረሪት ድር ፈልጉ። ስብ ለበስ ያለ ሴራሚክ ሩብ ሰዓት ባዶውን ይንደድ፤ ሲበርድ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ አድርጉት። በሽቦ አትውጉት። በጋለ ሴራሚክ ላይ ውሃ የሚረጭ ሰው ካለ ሌላ ጠጋኝ ይፈልግ።

ስለ ከፍታ ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ልናገር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ አገር የተሠራ ማሽን ጂግለሩ (ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ) ካልጠበበ እዚህ አየር ያጥረዋል። ኮምቦልቻ ደህና የሠራ ሐረጎን ወጥቶ ሊያስቸግር ይችላል። ሻጩን ከመስደባችሁ በፊት ይሄን አስቡ። ደግሞ ብርድ ነው ብላችሁ በር ዘግታችሁ አትጥበሱ፤ መጥፎው ጭስ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። የጋዝ መፍሰስም በሳሙና አረፋ ነው የሚፈተሸው፣ በክብሪት አይደለም።

«ጨረር ነው፣ ካንሰር ያመጣል» ለሚሉት ደግሞ፦ የቡና ከሰላችሁም የሚለቀው ይሄንኑ ነው። ካንሰር ካሰጋችሁ ያረረውን ሥጋ ቁረጡና ጣሉት።

የኮምቦልቻው ሰው ሴራሚኩ ተቀየረለት፣ የድሮው ሬጉሌተር ተመለሰ። በረንዳው ላይ ሸራ ወጥር አልኩት፣ ወጠረ። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ጋሼ፣ አሁን በቀን ብርሃንም ትቀላለች፤ አዲሱ ሴራሚክ ግን ኢንፍራሬዱ ይበዛል አይደል?» አለኝ።