ግለ ታሪክና የሕይወት ታሪክ ልዩነታቸው ምንድነው?

ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፣ ቁም ነገሩ ግን ብዕሩን የያዘው ማነው ነው። ባለቤቱ ስለራሱ ከጻፈ ግለ ታሪክ፣ ሌላ ሰው ከጻፈለት የሕይወት ታሪክ፣ ለምሳሌ ቀብር ላይ የሚነበበው ማለት ነው። የሌላ ሰው ሲሆን በጣም ይከብዳል! ለጎረቤታችን እናት ቀብር ስጽፍ ልጆቻቸው ሁሉ "ደግ ነበሩ" ብቻ አሉኝ፣ የመጨረሻዋ ግን ሌሊት እንጀራ እየጋገሩ ፊደል እንዳስቆጠሯት ስትነግረኝ በቃ እሳቸውን ያገኘኋቸው እዛ ጋ ነው። ገድልም የቅዱሳን የሕይወት ታሪክ በሉት፣ መነኩሴው ገላውዴዎስ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል በ1672 እ.ኤ.አ. የጻፈው እሷ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ከሚያውቋት ሰምቶ ነው። ባለታሪኩ እያወራ ሌላው "እኔ" ብሎ ሲጽፍለትስ? ግለ ታሪክ ይባላል፣ እኔ ግን የጸሐፊውም ስም ሽፋኑ ላይ መውጣት አለበት ባይ ነኝ።