የጎልፍ ምትን በቪዲዮ መመርመር፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ አንጻር

የጎልፍ ምትን በቪዲዮ መመርመር ማለት ተጫዋቹ ዱላውን ወደ ኋላ ከሚያነሣበት ጊዜ አንሥቶ ኳሱን መትቶ እስኪጨርስ ድረስ ያለውን እንቅስቃሴ በካሜራ ቀርጾ፣ ምስሉን በዝግታ ወይም ፍሬም በፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች አንድ በአንድ) እያቆሙ በማየት ጉድለቱን ለይቶ የማረም ዘዴ ነው። ዘዴው የቆመው ቀላል በሆነ አንድ እውነት ላይ ነው፤ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የሚሰማው ነገርና ሰውነቱ በእርግጥ የሚሠራው ነገር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ዱላውን ከትከሻው ከፍ ሳያደርግ እንዳቆመ የሚምል ጀማሪ፣ ቪዲዮውን ሲከፍት ዱላው ከጭንቅላቱ ጀርባ ዞሮ ወደ መሬት ሲያመለክት ያገኘዋል። አሠልጣኝ ባለበት ቦታ ምስሉ ለአሠልጣኙ ቃል ማስረጃ ይሆናል፤ አሠልጣኝ በሌለበት ደግሞ ተለማማጁ ራሱን ከውጭ የሚያይበት ብቸኛ መንገድ ነው።

ሰሜን ሸዋ ከሁለተኛው ወገን ይመደባል። የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በኢትዮጵያ የጎልፍ ሜዳና አሠልጣኝ የሚገኘው ግን በዋናነት በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ ወይም በደብረ ሲና ሆኖ ይህን ስፖርት መልመድ የሚፈልግ ሰው ከማንም በላይ የሚመካው በእጁ ባለው ስልክ ነው። ይሁንና ጫፉ በቆለመመ ዱላ ኳስ መምታት ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። የገና ጨዋታ በታኅሣሥ መጨረሻ በየሜዳው ሲካሄድ የኖረ ነው። ወደ ታሪክ መለስ ብንል ደግሞ የጎልፍ ስም በስኮትላንድ መዝገብ መጀመሪያ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1457 ሲሆን፣ የሚታየውም በእገዳ ነው፤ ወጣቱ ቀስት መልመዱን ትቶ በጨዋታው ተጠምዷል ተብሎ ጎልፍና እግር ኳስ በዐዋጅ ተከለከሉ። በዚያው ዘመን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን መናገሻቸው አድርገው ተቀምጠው ነበር። የስኮትላንዱ ንጉሥ በጨዋታ ሲቆጣ፣ የእኛ አገር ሰው ግን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል።

እንቅስቃሴን በካሜራ ከፋፍሎ የማየት ሐሳብ ከጎልፍ ቀድሞ የመጣው ከፈረስ ነው። ኤድዋርድ ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 በካሊፎርኒያ ብዙ ካሜራዎችን በመደዳ አሰልፎ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት እንዳለ አሳየ፤ ዓይን ያንን በራሱ ኃይል ሊያየው አይችልም ነበር። ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ ብዙ ተከታታይ ምስሎችን በአንድ ሰሌዳ ላይ የማንሣትን ጥበብ አዳበረ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን እጅግ ፈጣን የሆነ ብልጭታ ተጠቅሞ የጎልፍ ዱላ በአየር ላይ የሚሠራውን ቅስት በአንድ ፎቶ ላይ አሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1931 ስመ ጥሩው ተጫዋች ቦቢ ጆንስ ምቱን በዝግታ የሚያሳዩ የማስተማሪያ ፊልሞችን ሠራ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመሣሪያው መርከስ ታሪክ ነው ቢባል አያሳስትም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ገበያ ላይ ውሎ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ይኸው ችሎታ በብዙ ስልኮች ላይ ይገኛል።

የፍሬም ብዛት ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የምቱን ፍጥነት ማስላት ይበጃል። ዱላው ከላይ ተነሥቶ ኳሱ ዘንድ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ሩብ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ማንሣቱ ደግሞ ከዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ይወስዳል። ረጅሙን ዱላ የያዘ ወንድ ባለሙያ ተጫዋች የዱላውን ራስ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ያበርረዋል። ካሜራው በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ከሆነ በአንድ ፍሬምና በሚቀጥለው መካከል የዱላው ራስ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይጓዛል፤ ይህ ማለት ምርመራ ሊደረግበት የሚገባው የምቱ ክፍል ከነአካቴው ሳይታይ ያልፋል። በ240 ፍሬም ርቀቱ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። እንዲህም ሆኖ ዱላውና ኳሱ ተነካክተው የሚቆዩት ለግማሽ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ ከስምንት ምት በአንዱ ካልሆነ በቀር ካሜራው ያችን ቅጽበት አያገኛትም። ተለማማጁ «ኳሱን ስነካው» ብሎ የሚያሳየው ምስል እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ከመንካቱ ጥቂት በፊት ወይም ጥቂት በኋላ የተገኘ ነው።

ከፍሬሙ ብዛት እኩል የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ማጠር ነው። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ለአንድ ስድሳኛ ሰከንድ ክፍት ከሆነ ዱላው እንደ ጢስ ተዘርግቶ ይታያል፤ ለ1/2,000 ሰከንድ ከሆነ ግን ድብዝዙ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠባል። ስልኩ ይህን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው በብርሃኑ መጠን ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ የበጋ ፀሐይ እዚህ ላይ ውለታ ትውላለች፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ስልኩ ሹተሩን እንዲያሳጥር ያስችለዋል። በክረምት ጉም ሜዳውን ሲሸፍነው ግን ይኸው ስልክ ብዥ ያለ ምስል ይሰጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ሲጥል ሌላ ችግር አለ፤ ቅዝቃዜ የስልኩን ባትሪ ቶሎ ያደክመዋል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ዱላውን ከልማዱ በላይ ጨምቆ ስለሚይዝ በዚያ ሰዓት የሚቀረጸው ምት የተጫዋቹ እውነተኛ ምት አይደለም። ብዙ ሰው የሚደናገርበትን አንድ ነገርም መጥቀስ ያሻል። በስልክ በተቀረጸ ምስል ላይ የዱላው እጀታ እንደ ደጋን ጎብጦ የሚታየው ስልኩ ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዱላው ጥንካሬ መደምደሚያ ላይ መድረስ አይገባም።

ምስሉ የሚነሣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ከፊት ለፊት ሲሆን፣ ካሜራው የተጫዋቹን ደረት በቀጥታ እያየ ኳሱ በሁለቱ እግሮች መካከል የት እንደተቀመጠ፣ ክብደት ከእግር ወደ እግር እንዴት እንደሚሸጋገር፣ ጭንቅላት ወደ ጎን መሸሹን ያሳያል። ሁለተኛው ከኋላ፣ ኳሱ በሚሄድበት መስመር አቅጣጫ የሚነሣው ሲሆን የወገብን አጎነባበስና ዱላው የሚጓዝበትን ዘንበል ያለ መንገድ ያሳያል። ካሜራው በሁለቱም ጊዜ በእጅ ከፍታ ላይ፣ ከተጫዋቹ ሦስት አራት ሜትር ርቆ፣ ሳይነቃነቅ መቆም አለበት። ከኋላ በሚነሣው ምስል ካሜራው ጥቂት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ቢሸሽ ጤናማው ምት ከመስመር የወጣ፣ የወጣው ደግሞ ጤናማ መስሎ ይታያል፤ ከማየው ሁሉ የተሳሳተ ፍርድ የሚያመጣው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰፊ ቦታ የሚያሳየውን ሌንስ መጠቀምም የምስሉን ዳር ስለሚያጣምም አይመከርም። ሦስት እግር ማቆሚያ ያላገኘ ሰው ስልኩን በመንዝ የተለመደው የድንጋይ ካብ ላይ በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች መካከል ቢያስደግፈው፣ መስመሩን ለመያዝም አንድ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ልምጭ ወደ ዒላማው አቅጣጫ መሬት ላይ ቢያጋድም ይበቃዋል። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በቀኝ እጁ የሚመታ ተጫዋች ከሰዓት በኋላ ኳሱን ወደ ምሥራቅ ቢመታ ፊቱ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ከምዕራብ የቆመው የኋላ ካሜራም ሆነ ከደቡብ የቆመው የፊት ካሜራ ፀሐይን ከጀርባው ያደርጋል። ጠዋት ወደ ምዕራብ ሲመታ ግን የፊቱ ካሜራ ከፀሐይ ጋር ይፋጠጣል። ሜዳው የጋራ ግጦሽ ከሆነ በጉም እረኛውም ከኳሱ መንገድ ርቆ መሆኑን ማየት ከካሜራው ይቀድማል፤ 46 ግራም የማይሞላው ኳስ በዚያ ፍጥነት ሲመጣ ቀላል አይደለም።

ምስሉ ከተገኘ በኋላ የሚደረገው ንባብ ከምቱ መጨረሻ ወደ መነሻው ነው። ጀማሪን በብዛት የሚያስቸግረውን፣ ኳሱ በአየር ላይ ወደ ቀኝ እየታጠፈ የሚሄድበትን ምት እንውሰድ። ከኋላ የተነሣው ምስል ዱላው ሲወርድ እጀታው ከመሬት ጋር ትይዩ በሚሆንበት ፍሬም ላይ ይቆማል። የዱላው ራስ ከእጆቹ አልፎ ወደ ኳሱ መስመር ውጭ ወጥቶ ከታየ፣ ዱላው ኳሱን ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ሊመታው ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ፍሬም ላይ ቆሞ እጁን ለማረም ይታገላል። ነገር ግን ፍሬሞቹን ወደ ኋላ ቢመልስ፣ ዱላው ገና ከላይ ሳለ ቀኝ ትከሻው ከዳሌው ቀድሞ ወደ ኳሱ መዞር እንደጀመረ ያያል፤ ከዚያም ወደ መጀመሪያው አቋቋም ቢወርድ ግራ እጁ ዱላውን የያዘበት መንገድ የዱላውን ፊት (ኳሱን የሚነካውን ገጽ) ወደ ቀኝ የዞረ፣ ማለትም ክፍት እንዳደረገው፣ ሰውነቱም ሳያውቀው ኳሱን ወደ ግራ ለመጎተት ሲል ትከሻውን እንዳስቀደመ ሊገነዘብ ይችላል። የሚታረመው እንግዲህ አያያዙ ነው። ስሕተት የሚታይበት ቦታና የሚወለድበት ቦታ አንድ ባለመሆኑ፣ ምስሉን እስከ መነሻው ያልመለሰ መርማሪ ምልክቱን እንጂ በሽታውን አያክምም።

በገና ጨዋታ ያደገ ሰው ለዚህ ስፖርት ይዞት የሚመጣው ልማድ ለብቻው ቢታይ ደስ ይላል። የገና ተጫዋች ሩሩን (የገናውን ኳስ) የሚመታው እየሮጠ፣ ተጋጣሚው እየተሻማው፣ ብዙ ጊዜም ሩሩ እየተንከባለለ ሳለ ነው። ስለዚህ ምቱ አጭርና ድንገተኛ፣ ከክንድ የሚነሣ፣ እግር ጸንቶ እስኪቆም የማይጠብቅ ነው፤ ዓይንም ወዲያው ሩሩን ተከትሎ ይነሣል። ጎልፍ በተቃራኒው የቆመ ኳስ፣ የቆመ እግርና ከዳሌ ጀምሮ ወደ ክንድ የሚፈስ ቅደም ተከተል ይጠይቃል። በእኔ ግምት የገና ልጅ ኳሱን በመሳት አይቸገርም፤ የሚቸገረው በመቸኮል ነው፣ ይህንንም ከፊት ለፊት የተነሣ ምስል ክንዱ ዳሌውን ሲቀድም ወዲያው ያጋልጠዋል።

ቪዲዮ የማያሳየው ነገርም አለ። ኳሱ መጀመሪያ የሚነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው በመነካካቱ ቅጽበት የዱላው ፊት ያለበት ማዕዘን ነው፤ የስልክ ካሜራ ግን ጥቂት ዲግሪ የሆነውን ይህን ማዕዘን አይለይም። የኳሱን ሽክርክሪትም አይቆጥርም። ይህን የሚለኩት በራዳር ወይም በልዩ ካሜራ የሚሠሩ ውድ መሣሪያዎች ናቸው። መሣሪያው የሌለው ሰው የቀረውን ከኳሱ በረራ ያነብባል፤ እዚህ ላይ ግን ከፍታው ይገባበታል። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ኳሱ 10 በመቶ ገደማ ርቆ ይሄዳል፣ ወደ ጎን የሚታጠፈውም ያንሳል። በደጋው ላይ ጥቂት ብቻ የታጠፈ ኳስ ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ቢመታ ይበልጥ ይታጠፋል፤ የደጋ ተለማማጅ በኳሱ ቀጥተኛነት ብቻ ምቱን ጤናማ ነው ብሎ ማመን የለበትም።

ዘዴው በእርግጥ ይረዳልን የሚለው ጥያቄ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ጎልፍ ተጫዋቾችን በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን በቪዲዮ፣ አንዱን በቃል ብቻ፣ አንዱን በራሱ እንዲለማመድ አድርጎ ነበር። ልምምዱ እንዳለቀ በተደረገው ፈተና የቪዲዮው ቡድን ብልጫ አላሳየም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የተሻለውን ውጤት ያመጣው እርሱ ነበር። አዲስ እንቅስቃሴ አሮጌውን እስኪተካ መጀመሪያ ነገር የሚበላሽ መምሰሉ ያለ ነው፤ ምስሉን አይቶ በሁለተኛው ቀን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ፍሬው ሳይደርስ ትቶታል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1999 የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዋ ጋብሪኤሌ ዉልፍና ባልደረቦቿ ባደረጉት ሙከራ ሐሳባቸውን በክንዳቸው ላይ ካደረጉ ጀማሪዎች ይልቅ በዱላው እንቅስቃሴ ላይ ያደረጉት ኳሱን በተሻለ ሁኔታ ወደ ዒላማው አቅርበዋል። ስለዚህ ከምስሉ የተገኘውን ጉድለት «ክንዴን ወደዚህ» ብሎ ከመያዝ «ዱላውን ወደዚያ» ብሎ መያዝ ይሻላል። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወደ ስልኩ መሮጥም አይመከርም፤ ተለማማጁ የራሱን ስሜት ማዳመጥ ትቶ የምስሉ ጥገኛ ይሆናል። ጥቂት ምት መትቶ፣ ምን እንዳደረገ ለራሱ ገምቶ፣ ከዚያ ግምቱን ከምስሉ ጋር ማስተያየት ስሜቱንም ያሠለጥነዋል።

ለምርመራው የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ብዙ ሲሆኑ፣ ኪኖቪያ የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም መስመር ለማስመር፣ ማዕዘን ለመለካትና ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን ለማስኬድ ይበቃል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳም ይሠራል። በቅርብ ዓመታት የመጡት፣ መገጣጠሚያን በራሳቸው ለይተው ነጥብ የሚሰጡ የስልክ መተግበሪያዎች ፈጣን ናቸው፤ ነገር ግን ከአንድ አቅጣጫ የተነሣን ጠፍጣፋ ምስል ይዘው የትከሻንና የዳሌን ዙረት ስለሚገምቱ፣ የሚያወጡት ቁጥር ግምት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ጋቢ ወይም ሰፊ ካፖርት ደርቦ የተቀረጸ ሰው ደግሞ የክርኑንና የዳሌውን ቦታ ስለሚሸፍን ፕሮግራሙን ያሳስተዋል፤ ለቀረጻው ያህል ብርዱን ታግሦ ደረብ ያለውን ልብስ ማውለቅ ያስፈልጋል።