ጣና ዳር የተደበቀ ምልክት፦ ጂኦካሺንግና ቺርፕ

ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ፣ ማለትም ያሉበትን ቦታ በሳተላይት በሚያሳይ መሣሪያ፣ የሚጫወቱት ድብብቆሽ ነው። የሚደበቀው ግን ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። አንዱ ትንሽ ሣጥን ይደብቅና የቦታውን መለኪያ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ፈልጎ ያገኛታል፣ ውስጧ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል፣ መልሶ እዚያው ያኖራታል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ነው። የአገሪቱ መንግሥት ሆን ብሎ ሕዝቡ የሚጠቀምበትን የጂፒኤስ ምልክት ያዛባ የነበረውን አሠራር ባቆመ ማግስት መሆኑ ነው።

ጋርሚን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ቺርፕ የምትባል መሣሪያ አመጣ። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ውኃ የማያስገባ ሽቦ አልባ ምልክት ሰጪ ናት። ደባቂው ፍንጭ ወይም የሚቀጥለውን ቦታ ቁጥር ይጭንባታል። ፈላጊው 10 ሜትር ያህል ሲጠጋ መልእክቱ በያዘው ጂፒኤስ ላይ ብቅ ይላል። ስንት ሰው እንደጎበኛትም ትቆጥራለች። ባሕር ዳር ላይ ቢሆን፣ ሐይቁ ዳር ፍንጭ ተቀብሎ በባጃጅ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ነው።

ችግሩ ሁሉም ጂፒኤስ አይሰማትም። ቺርፕ የምትናገረው አንት ፕላስ በሚባል የሬዲዮ ቋንቋ ነው። ከጋርሚን የጂፒኤስ ሞዴሎች ዳኮታ 20 ይሰማታል፤ ዳኮታ 10 አይሰማትም። ኢትሬክስ 30 ይሰማታል፤ ኢትሬክስ 10 እና 20 ግን ምንም። ስማቸው አንድ ነው ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ስልክስ? ብሉቱዝም አንት ፕላስም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይሠራሉ። ግን አንድ ገበያ ቆመው በቋንቋ እንደማይግባቡ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዳንድ የሶኒና የሳምሰንግ ስልኮች አንት ፕላስ ነበራቸው፤ አብዛኛው ስልክ ግን የለውም። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ደባቂው ፍንጩን በጽሑፍም ቢያስቀምጥ ይሻላል። አለበለዚያ ስልክ ብቻ የያዘው የባሕር ዳር ልጅ ከጨዋታው ውጭ ነው።

ይህ ሬዲዮ ከውኃ ጋር አይስማማም። እርጥብ ደንገል መሃል ከተደበቀች 10 ሜትሩ ያጥራል። ብረት ሣጥን ውስጥ ከሆነችማ ጭራሽ ላትሰማ ትችላለች። ቦታ መረጣም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጣና ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ እዚያ ቢደበቅ ግማሹ ተጫዋች ይቀራል። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ማታ ለግጦሽ ስለሚወጣ አመሻሹ ላይ ፍለጋ አይሞከርም።

ባትሪዋ ሲአር2032 ናት፤ እስከ አንድ ዓመት ትቆያለች። የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ የምትገጠመው ያቺው ክብ ባትሪ ስለሆነች፣ ስታልቅ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ጎራ ማለት ነው።