ስለ እግር ጥልቅ ደም መላሾች በስህተት የሚወሩ ነገሮች

«ደሙን የሚመልሱት ቆዳ ላይ የሚታዩት ስሮች ናቸው።» ኧረ አይደሉም። ከእግር ወደ ልብ ከሚመለሰው ደም 90 በመቶ ገደማው የሚያልፈው ጡንቻ መሃል በተቀበሩት ጥልቅ ደም መላሾች ነው፣ ላይ ያሉትም ደማቸውን ወደነሱ ነው የሚያስረክቡት። ሀኪም ቬሪኮስ ቬይን፣ ማለትም ቆዳ ስር የተወጣጠረና የተጠማዘዘ ስር፣ ሲያወጣ እግሩ ደም የማይቋጥረው ለዛ ነው።

«ደሙን ወደ ላይ የሚያወጣው ልብ ብቻ ነው።» ቁጭ ባላችሁበት ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ባታችሁን በእጃችሁ ያዙት፣ ጠጠር ሲል ይሰማችኋል አይደል፣ ያኔ መሃሉ ያለውን ስር እየጨመቀ ደሙን ወደ ላይ እየገፋው ነው፣ ሲላላ ደግሞ ደሙ እንዳይመለስ ስሩ ውስጥ ያሉት ቫልቮች፣ ደሙን ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ ትናንሽ በሮች፣ ይዘጋሉ። ዝም ብሎ ለሰዓታት መቀመጥ የማይመከረውም በዚህ ነው።

«በነዚህ ስሮች ውስጥ የደም መርጋት የሽማግሌና የአውሮፕላን ተጓዥ በሽታ ነው።» ኦፕራሲዮን የተደረገ፣ ሆስፒታል የተኛ፣ ካንሰር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ በተለይ ደግሞ በቅርብ የወለደች ሴት፣ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ የምትወስድም ጭምር፣ ሁሉም ላይ ስጋቱ ይጨምራል።

«እግር ላይ የረጋ ደም ጭንቅላት ላይ ይወጣል።» ይሄን የማይል ሰው የለም መቼም። መንገዱን ተከተሉት እስቲ፣ ከባት ወደ ጭን፣ ከዛ ሆድ ውስጥ ወዳለው ትልቁ ደም መላሽ፣ ከዛ የልብ ቀኝ ክፍል፣ ከዛ ሳንባ። እዛ ነው የሚሰነቀረው። ጭንቅላት የሚደርሰው በልብ ቀኝና ግራ መሃል ክፍተት ያለበት ሰው ላይ ነው። ስለዚህ እግሩ ያበጠ ሰው ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው ወይ ደም ካሳለው ነገ እናያለን አይባልም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«እግር ካላመመ የረጋ ደም የለም።» አንዳንዴ ምንም ምልክት የለውም።

«ወለምታ ነው፣ ይታሽ።» አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመ በፍፁም እንዳታሹት፣ ከረጋው ደም ቁራጭ ሊላቀቅ ይችላል። ምርመራው ራሱ አያምም፣ በአልትራሳውንድ ነው፣ መሳሪያውን ጫን ሲያደርጉት ጤነኛው ስር ልጥፍ ይላል፣ ደም የረጋበት ግን አይጨመቅም።

«ደም ማቅጠኛ የረጋውን ያሟሟል።» ሄፓሪንም ዋርፋሪንም አያሟሙትም፣ እንዳያድግና አዲስ እንዳይረጋ ነው የሚከለክሉት፣ የረጋውን ቀስ እያለ የሚያፀዳው ሰውነት ራሱ ነው። መድሃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 3 ወር የሚታዘዘውም ለዚህ ስለሆነ እብጠቱ ጎደለ ብላችሁ ሀኪም ሳታማክሩ አታቁሙት።