«ምንም ሳልነካው ተበላሸ»፦ ስለ ቤንዚን ሣር ማጨጃ የሚነገሩ ስሕተቶች

ሣር ማጨጃ ማሽን ለጥገና ሲመጣ አብሮት የሚመጣ አቤቱታ አለ፦ «ሳስቀምጠው አንደኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ ታዲያ ምን አገኘው?» ያገኘው ይኸው አለመነካቱ ነው። ታንኩ ውስጥ ቤንዚን እንደያዘ ወራት ቆሟል፤ ቤንዚን ደግሞ ማር አይደለም፣ ተቀምጦ ይበላሻል።

ይህ ሲነገራቸው ብዙዎች የተጋነነ ይመስላቸዋል። አልተጋነነም። ቤንዚን በ30 ቀን ገደማ መዳከም ይጀምራል። ቀድሞ የሚተነው ቀላሉ ክፍሉ ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚነሣው ደግሞ በዚያው ክፍል ነው። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ወደ ሙጫነት ይሄዳል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ኤታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ ሲበዛ ውሃውና ኤታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይተው ይዘቅጣሉ። ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርበው ካርቡሬተር የሚጠጣው ደግሞ ከሥር ነው።

ካርቡሬተሩ ግርጌ በአንድ ብሎን የተያዘች፣ ኩባያ የምታህል ጎድጓዳ አለች። ሞተሩ ነዳጅ የሚስበው ከእሷ ሲሆን፣ የሚስብበት የናስ ቀዳዳ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። ለወራት የቆመ ማሽን ጎድጓዳ ተፈትታ ስትታይ ግድግዳዋ ላይ ቢጫ ቡኒ ቅባት ተጋግሯል፤ ሽታው የቤንዚን መሆኑ ቀርቶ የቆየ ቀለም ይመስላል። ቀዳዳው ወደ ብርሃን ሲያዙት ብርሃን አያሳልፍም። ግማሹ ብቻ ከተደፈነ ሞተሩ ይነሣል፤ ግን ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

ባለቤቱ እስከዚያ ድረስ ምን አድርጓል? ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጥ አዲስ ካንዴላ ገዝቷል፤ ገመዱን እስኪበጠስ ጎትቷል። ካንዴላው ላይ ከመፍረድ በፊት መሞከር ይቻል ነበር። ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፈቶ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ አዲስ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ማፍሰስ፣ ካንዴላውን መልሶ ማሰር፣ ከዚያ ገመዱን መሳብ። ሞተሩ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ሠርቶ ቀጥ ካለ እሳቱ ደኅና ነው፤ የጠፋው ነዳጅ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የቆየውን ቤንዚን ከታንኩ ሙሉ በሙሉ ማውጣት፤ አዲስ ጨምሮበት «ይቀላቀላል» ማለት አይሠራም። ጎድጓዳዋን ፈቶ በካርቡሬተር ማጽጃ ማጠብ። ቀዳዳውን ከኤሌክትሪክ ሽቦ በተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር መክፈት። የልብስ መርፌ አታስገቡበት፤ ብረቱ ናሱን ይቦረቡርና ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ነዳጅ እየበላ ጥቁር ጭስ ይተፋል። በአንዳንድ ሞተሮች ጎድጓዳዋን የያዘው ብሎን ራሱ ነዳጅ ማለፊያ ስለሆነ፣ ጎኑ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሳያዩ መልሶ ማሰር ሥራውን መድገም ነው።

ማሽኑ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ ከሁለት አንዱን አድርጉ። ወይ ታንኩን በአዲስ ቤንዚን ሞልቶ የነዳጅ ማቆያ መድኃኒት መጨመርና ሞተሩን 10 ደቂቃ ማሠራት፤ መድኃኒቱ ካርቡሬተሩ ድረስ ካልገባ ታንክ ውስጥ መኖሩ ብቻ አይጠቅምም። ወይ ደግሞ ታንኩን ባዶ አድርጎ፣ ደጅ ላይ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ማሠራት፣ በመጨረሻም የጎድጓዳዋን ብሎን አላልቶ የቀረችውን ጠብታ ማፍሰስ። ግማሽ ታንክ ቤንዚን ይዞ ማሳደር ከሁሉም የከፋው ነው፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን እሱን ነው።

«ዘይት መቀየር ለመኪና ነው፤ እኔ ሲጎድል እጨምራለሁ።» ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መኪና አራት ሊትርና ከዚያ በላይ ዘይት፣ ፓምፕና የዘይት ፊልትሮ አለው። የሣር ማጨጃ ሞተር የሚይዘው ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ ፊልትሮም ፓምፕም የላቸውም። ዘይቱ እየተረጨ ነው የሚያለሰልሰው፤ የተፋቀው ብረትም እዚያው አብሮ ይዞራል። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በ50 ሰዓት ሥራ 9 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል፣ በዚያችው ግማሽ ሊትር። የማሽኑ መመሪያ ሌላ ካላዘዘ፣ አዲስ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያ በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ዘይቱ ይቀየራል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አሙቁት፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ከዘይት የውፍረት ደረጃዎች ለሞቃት አየር ኤስኤኢ 30 (SAE 30)፣ ቅዝቃዜና ሙቀት ለሚፈራረቅበት 10 ደብሊው 30 (10W-30) ይስማማል።

«ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም» የሚባለውም ሐሰት ነው። የበዛው ዘይት በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ፊልትሮውን ያረጥባል፣ ሰማያዊ ጭስም ያስነሣል። ማሽኑን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙና መለኪያው ላይ ካለው የላይኛው ምልክት አታሳልፉ።

ዘይት ከቤንዚን ጋር መቀላቀል? ለባለ ሁለት ምት ሞተር ብቻ ነው። የዘይት መሙያው ለብቻው ከሆነ ሞተሩ ባለ አራት ምት ነው፤ ንጹሕ ቤንዚን ይበቃዋል።

የአየር ፊልትሮ ሁሉ አይታጠብም። የስፖንጁ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠጥቶ፣ ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀቱ ግን ውሃ ካገኘው አለቀለት፤ ቀስ ብሎ መታ መታ አድርጎ አቧራውን ማራገፍ፣ ካልጠራ መቀየር።

«ሞተሩን ዝግ አድርጌ ባሠራው ይቆይልኛል።» አይቆይም። የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው፤ ሲያጭዱ ሙሉ ፍጥነት ይሰጠዋል።

የማሽኑን ሆድ ለማጽዳት በየትኛውም ጎን ማዘንበል ይቻላል የሚሉም አሉ፤ ከዚያ ማሽኑ ሲነሣ ነጭ ጭስ ያፍናቸዋል። ካርቡሬተሩና የአየር ፊልትሮው ያሉበት ጎን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን። ከዚያም በፊት የካንዴላውን ሽቦ ንቀሉ። ሞተሩ ጠፍቷል ማለት አይበቃም፤ ምላጩ ከሞተሩ ዘንግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ምላጩን በእጅ ማዞር ሞተሩን ማዞር ነው፤ አንዲት ብልጭታ ጣት ትወስዳለች።

ምላጩን በተመለከተ «እንደ መላጫ ይሳል» የሚለው ምክር ትክክል አይደለም። በጣም የቀጠነ ጠርዝ የመጀመሪያዋ ጠጠር ላይ ይታጠፋል። ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ፋብሪካው የሰጠውን ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ዝንባሌ ጠብቆ በሞረድ መሞረድ፤ የቅቤ ቢላ ያህል ስለት ይበቃዋል። ሁለቱን ጎን እኩል ሞርዱ። ከዚያ የመካከሉን ቀዳዳ ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር አንጠልጥሉና ልቀቁት፤ አንዱ ጎን ዝቅ ካለ ከእሱ ትንሽ ጨምሩና ሞርዱ። 53 ሳንቲሜትር የሆነ ምላጭ በዚያ በ3,000 ዙር ጫፉ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ ጥቂት ግራም ልዩነት እጅ እስኪደነዝዝ ያንቀጠቅጣል፣ ኩሽኔቱንም ይበላል። ሲመለስ የተቆለመሙት ክንፎቹ ወደ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ይዩ።

የታጠፈ ምላጭ በመዶሻ አይቃናም፤ ይጣላል።

ምላጩ ድንጋይ ወይም ሥር መትቶ ሞተሩ ቀጥ ካለ በኋላ አልነሣ ቢል፣ ገመዱም እጅን መልሶ ቢነጥቅ፣ እንደገና ካንዴላ አትግዙ። ቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ፣ ከዘንጉ ጋር በትንሽ ለስላሳ ብረት፣ በሽብልቅ፣ ተያይዟል። ሽብልቁ ሲቆረጥ ቮላኖው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ብልጭታው የሚመጣውም ያለ ሰዓቱ ይሆናል። ለሞተሩ የተሠራውን ሽብልቅ ግዙ። ጠንካራ ብረት ቆርጦ መተካት የሚቀጥለውን ምት ወደ ዘንጉ ያሻግረዋል፤ ዘንግ ከተጣመመ ሞተሩ በአብዛኛው አይጠገንም።